የንግሥ መዝሙር እንዴት ይደረሳል? ለጎጃም ሰንበት ትምህርት ቤት ደራስያንና ዜማ አውጪዎች

በንግሥ ቀን ታቦት ተከትሎ የሚሄደው ሕዝብ ወረቀት አልያዘም፤ ልምምድ ላይም አልነበረም። አንዷ ልጅ አዝላለች፣ ሌላው ጃንጥላ ይዟል፣ ሽማግሌው በምርኩዝ ነው የሚሄደው። አዝማቹን ሁለት ጊዜ ሰምቶ ሦስተኛው ላይ መቀበል ካልቻለ መዝሙሩ ዩኒፎርም ለለበሱት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ፣ የስንኙ ርዝመትም፣ የዜማው ከፍታም፣ የከበሮው አመታትም፣ ለዚህ ሰው ታስቦ የተሰጠ ነው። ለመድረክ ወይም ለሲዲ የሚሠራ መዝሙር ሌላ ልክ አለው።

ሥራው ከባዶ እንዳይሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በምዕራብ ጎጃም በሰከላ፣ ዓባይ ከሚመነጭበት ከግሽ ዓባይ፣ ጥር 13 ቀን የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ይነግሣል እንበልና ለዚያ ቀን የሚሆን አንድ መዝሙር እንሥራ።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር

ጥር 13 ከከተራ፣ ከጥምቀትና ከቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ዘማሪዎቹ ጥር 10፣ 11 እና 12 ሲዘምሩ ሰንብተው ጉሮሯቸው ሻክሮ ይመጣሉ። ስለዚህ ለዚህ በዓል የሚወጣ ዜማ ከሌላው ጊዜ ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ በፊት ታኅሣሥ 19 ገብርኤል አለ፣ ታኅሣሥ 29 ልደት አለ፤ የልምምዱን ሰዓት የሚወስዱት እነዚህ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ወቅት ስለሆነ የገጠሩ ወጣት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ካልሆነ አይገኝም። ይህን ሁሉ ስታሰሉት ግጥሙ በጥቅምት ማለቅ አለበት፤ በኅዳር መምህራን ያዩታል፤ ዜማው ታኅሣሥ ከመግባቱ በፊት ይወጣል። በታኅሣሥ መጨረሻ «አዲስ መዝሙር አለን» የሚል ሰው ቢመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየው። አራት እሑድ ያልተለመደ መዝሙር ታቦት ፊት ሲደርስ መሪውን ብቻውን ይተወዋል።

ምንጩን ማንበብ

ስለ ጻድቁ የሰማችሁትን ሳይሆን የተጻፈውን አንብቡ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ የዕለቱ ስንክሳር (የቅዱሳን ታሪክ በየቀኑ የሚነበብበት መጽሐፍ)፣ ቀጥሎ ገድሉ ወይም ድርሳኑ፣ ከዚያ መልክኡ፣ በመጨረሻም መሪጌታው ለዕለቱ የሚያዘጋጀው ዚቅ (ለበዓሉ የተመረጠ ዜማ)። መልክእ በተለይ ለደራሲ ይጠቅማል። «ሰላም ለ…» እያለ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የቅዱሱን አካል እየጠራ፣ በአምስት በአምስት ስንኝ፣ በእያንዳንዱ አካል ላይ አንድ ታሪክ ወይም አንድ ልመና ይሰቅላል። ከብዙ ታሪክ ውስጥ ለአንድ አርኬ (ለአንድ የግጥም አንቀጽ) የሚበቃውን ብቻ መርጦ ማውጣት ከዚያ ይለመዳል።

ስታነቡ ማስታወሻ የምትይዙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በዓይን የሚታይ ነገርና ድርጊት። የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ስታነቡ ለምሳሌ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ እንደ ሰጡና በኋላም ሳይርሱ እንደ ተቀበሉ ታገኛላችሁ። ውኃ፣ ብራና፣ አደራ፣ መስጠት፣ መጠበቅ፣ መመለስ። ይህ ለአንድ መዝሙር ይበቃል። ገድሉን በሙሉ በስድስት አርኬ ለመጨረስ የሚሞክር ደራሲ የታሪክ ዝርዝር ይጽፋል እንጂ መዝሙር አይጽፍም።

ወርቁን አስቀድሞ፣ ሰሙን ተከትሎ

ጎጃም ውስጥ መዝሙር የሚጽፍ ሰው ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት መጠሪያ የሆኑበት አገር ነው፤ ከብዙ ሰንበት ትምህርት ቤት በእግር ከሚደረስ ቦታ የቅኔ ጉባኤ አይጠፋም። የአማርኛ መዝሙር ቅኔ አይደለም፣ ቅኔም መሆን የለበትም፤ ሕዝቡ ቆሞ ሰም ከወርቅ ሊፈታ አይችልም። የቅኔው ቤት አሠራር ግን ለመዝሙርም ይሠራል። አሠራሩም ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወርቁ፣ ማለትም ልትሉት የፈለጋችሁት እውነት፣ በአንድ ተራ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። ለምሳሌ፦ «ጻድቁ በጸሎታቸው ቃለ እግዚአብሔርን እንድናስተምር ይርዱን»። ከዚያ ሰሙ፣ ማለትም ወርቁን የሚሸፍነው ምስል፣ ከንባቡ ማስታወሻ ውስጥ ይፈለጋል። ሰምን አስቀድሞ ያማረ ምስል ይዞ የሚነሣ ሰው ግን ወርቁን በግድ ይለጥፍበታል፤ ግጥሙም «አማረ» ይባላል እንጂ ምን እንዳለ የሚነግራችሁ አይገኝም።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በቀኝ ሰም፦ ምንጭ፣ ዓባይ፣ ብራና፣ ዘር፣ ጥማት፣ መንገድ። በግራ ወርቅ፦ ጸሎት፣ ሃይማኖት፣ ቃለ እግዚአብሔር፣ ምእመን። ከዚያ ለሁለቱም ወገን የሚስማማ ግስ ፈልጉ። ጠበቀ፤ ዓባይም አደራ ጠበቀ፣ ክርስቲያንም ሃይማኖት ይጠብቃል። ዘራ፤ ገበሬም ዘር ይዘራል፣ መምህርም ቃል ይዘራል። ጠማ፤ ውኃም ይጠማል፣ ጽድቅም ይጠማል። ሁለቱን ወገን የሚያስረው ግሱ ስለሆነ፣ ግስ ያልተገኘለትን ሰም ወዲያ ጣሉት፣ ምንም ያህል ቢያምር።

አሁን ሁለት ስንኝ፦

ዓባይ ሳያረጥብ ጠበቀ አደራ፤
ዘርዐ ብሩክ ባርከን ቃሉን እንድንዘራ።

የጻድቁ ስም ራሱ የተባረከ ዘር ማለት ስለሆነ «እንድንዘራ» የሚለው ግስ ስሙንም፣ የወንጌሉን የዘሪውን ምሳሌም፣ የገበሬውንም ሥራ አንድ ላይ ይነካል። ግዕዝ የማያውቅ ሰው ይህን ባይረዳም ስንኙ አይጎድልበትም፤ ቃሉን እንድናስተምር ባርከን ማለቱ ይገባዋል። ለመዝሙር የሚሆን ኅብር (ሁለት ፍቺ ያለው ቃል) እንዲህ ያለው ነው። ካልተፈታ የማይገባ ከሆነ ለቅኔ ጉባኤ ተዉት።

በተቃራኒው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

ጻድቁ ዘርዐ ብሩክ በጣም ታላቅ ነህ፤
በግሽ ዓባይ ላይ ተአምር አደረግህ።

ስድብ የለበትም፣ ስሕተትም የለበትም፤ ግን ምንም የለበትም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የቅዱሱን ስም አውጥታችሁ የሌላ ቅዱስ ስም አስገቡበት። የቦታውን ስም ቀይራችሁ ለተክለ ሃይማኖትም ለአቡዬም ቢሠራ ግጥሙ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። «ታላቅ»፣ «ድንቅ»፣ «ክቡር»፣ «ልዩ» የሚሉት ቃላት የተደጋገሙበት ረቂቅ ላይ በእያንዳንዱ ፈንታ አንድ ድርጊት አስገቡና እዩት።

ቀለም መቁጠር

ሁለተኛው ምሳሌ ሌላም ችግር አለበት፤ ይህ ችግር የሚታየው ዜማ ላይ ነው። ስንኝ የሚለካው በፊደል ብዛት ሳይሆን በቀለም፣ ማለትም አፍ በሚለው ድምፅ ነው። ድምፅ አልባ የሆነ ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጠቃሎ አንድ ይቆጠራል። ጻፉትና ክፈሉት፦

ዓ-ባይ-ሳ-ያ-ረ-ጥብ ፥ ጠ-በ-ቀ-አ-ደ-ራ
ዘር-ዐ-ብ-ሩክ-ባር-ከን ፥ ቃ-ሉን-እን-ድን-ዘ-ራ

ሁሉም 6 እና 6 ነው፤ ወል ቤት የሚባለው ይህ ነው። «ሳያረጥብ» ላይ ያለችው ብ አልተቆጠረችም፣ «ብሩክ» ላይ ያለችው ብ ግን ተቆጥራለች፤ አንዷ ዝም ትላለች፣ ሌላዋ ትነገራለች። ስለዚህ በዓይን አትቁጠሩ፤ እያጨበጨባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለተኛውን ምሳሌ ብትቆጥሩት ደግሞ መጀመሪያው ስንኝ 6 እና 5፣ ሁለተኛው 5 እና 6 ይወጣል። ወረቀት ላይ አይታወቅም፤ ዘማሪው ግን አንዱ ጋ «ነ-ኧ-ኧህ» ብሎ ይጎትታል፣ ሌላው ጋ ይሮጣል፣ መቶ ሰው ደግሞ እኩል አይጎትትም። በልምምድ ላይ «እዚህ ጋ አልተስማማንም» የሚባለው ቦታ ከአሥር ዘጠኙ የቀለም ጉድለት ነው።

አጠር ያለ ከፈለጋችሁ 5 እና 5 የሆነው ሰንጎ መገን፣ ከዚያም አጠር ያለው 4 እና 4 ቡሄ በሉ አለ። ለጉዞ መዝሙር አርኬውን በወል ቤት፣ አዝማቹንም በዚያው ማድረግ ይቀላል፤ ሕዝቡ አንዱን ልክ ከለመደ ሌላው አይከብደውም። አዝማቹን ወደ 4 እና 4 ማሳጠር ጭብጨባ ላይ ሲደርስ ያምራል፤ ከመሀል ግን ልክ መቀያየር ከበሮ መቺውን ያሳስተዋል።

አናባቢ በአናባቢ ላይ ሲገጥም ተጠንቀቁ። «ቀለሙ እንደ ኖረ» ሲጻፍ 7 ነው፣ ሲዘመር ግን «ቀለሙንደ» ተብሎ 6 ይሆናል፤ ግማሹ ዘማሪ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ይለዋል። እንዲህ ያለውን ስንኝ መሪው በአንድ መንገድ ወስኖ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርግበት፤ ከተቻለ ግን ቃሉን መለወጥ ይሻላል።

ስለ ቤት መምቻ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ህ»፣ «ን» እና «ል» ላይ የሚያርፍ ቤት በአማርኛ እንደ ልብ ስለሚገኝ ሰነፍ ያደርጋል፤ ሁሉም ግሥ «ነህ፣ አለህ፣ አደረግህ» እያለ ይገጥማል። ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውም አናባቢ ቢገጥም ጆሮ ይቀበለዋል፤ «አባት» ከ«ጥማት» ጋር እንደሚገጥመው ማለት ነው።

አዝማች

አዝማቹ ሁለት ስንኝ ይበቃዋል። የቅዱሱ ስም፣ ቦታው ወይም ሥራው፣ ልመናው፤ ይኸው ነው።

ጻድቁ ዘርዐ ብሩክ የግሽ ዓባይ አባት፣
ጸልይልን አባ እንዳንቀር በጥማት።

ስሙ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ይጠቅማል፤ ከኋላ የደረሰው ሕዝብ የሚሰማው የመጀመሪያውን ቃል ነውና ለማን እንደሚዘመር ወዲያው ያውቃል። «ጸልይልን» ሲል «እኔን» ሳይሆን «እኛን» ነው፤ የጉባኤ መዝሙር በእኔነት ሲጻፍ ብቸኛ ዘማሪ መድረክ ላይ የሚያወጣው መዝሙር ይመስላል።

አርኬዎቹ ከ4 እስከ 6 ይሁኑ፣ እያንዳንዱ በ2 ወይም በ4 ስንኝ። ጉዞው ረጅም ከሆነ ደግማችሁ ዞራችሁ ትዘምሩታላችሁ እንጂ አርኬ አትጨምሩ። ከሁለቱ አርኬ አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ልመና ቢሆን ይስማማል። ለምሳሌ ከላይ ያለው ታሪክ ከሆነ ቀጣዩ፦

ዓባይ ሀገር ትቶ ሲሄድ ወደ ሩቁ፣
ጸሎትህ ግን ቀረ ለልጆችህ ስንቁ።

እዚህ ሰምና ወርቅ የለም፤ ማነጻጸር ነው፣ ሄደና ቀረ። ሁሉም አርኬ ሰምና ወርቅ ከሆነ አድማጭ ይደክመዋል። በተጨማሪም ዓባይ ግንድ ይዞ እንደሚዞር ጎጃሜ ሁሉ ከልጅነቱ ስለሚያውቅ ስንኙ ለማስረዳት ጊዜ አይፈጅም።

ከመምህራን ፊት የማያልፍ ስሕተት

ረቂቁ ወደ መምህር ከመሄዱ በፊት እነዚህን ራሳችሁ አጥሩ። ለማን ምን እንደሚባል ለዩ፦ ለቅዱሳን «ጸልይልን»፣ «ለምንልን»፣ «አማልደን»፤ ለእመቤታችን «አማልጅን»፣ «ለምኝልን»፤ ለጌታ ግን «አድነን»፣ «ማረን»፣ «ይቅር በለን» እንጂ «አማልደን» አይባልም። ለጻድቅ «ፈጠርከን» ወይም «ቤዛችን ሆንክ» ብሎ ያለፈ ረቂቅ ብዙ ነው፤ ቤት ለመምታት ሲሮጥ የሚገባ ቃል ነው።

በግዕዝ ሐረግ ማሸብረቅ የምትወዱ ደግሞ ተባዕትና አንስቱን ጠብቁ። ለጻድቅ «ሰላም ለከ»፣ ለእመቤታችን «ሰላም ለኪ»፣ ለብዙዎች «ሰላም ለክሙ» ነው። «ነዓ» ለወንድ፣ «ንዒ» ለሴት፣ «ንዑ» ለብዙ ወንዶች። ለእመቤታችን በሚዘመረው በማኅሌተ ጽጌ «ንዒ» የለመደ ጆሮ ለገብርኤልም «ንዒ» ሲል ይሰማል፤ የቅኔ ተማሪ በአጠገብ ካለ ሳቁን መያዝ ይቸግረዋል። የማታውቁትን ግዕዝ በአማርኛ በሉት፤ ማንም አይቀየምም።

ፊደሉንም አርሙ። ሥላሴ በንጉሡ ሠ፣ ኃይል በብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎት በጸ፣ ፀሐይ በፀ፣ ዘርዐ በዓይኑ ዐ። ዜማውን አይለውጥም፣ መምህሩ ግን ከፊደሉ ተነሥቶ የቀረውንም ይጠረጥራል፤ ልክ ነው።

ወደ የኔታ ስትሄዱ ስልክ አውጥታችሁ «ይህን ያንብቡልን» አትበሉ። በጉልህ የተጻፈ ሁለት ቅጂ ያዙ፣ ተማሪዎቹ ቅኔያቸውን ነግረው ከጨረሱ በኋላ ግቡ፣ «የኔታ፣ ይህችን ይስሙልን» ብላችሁ ራሳችሁ በዝግታ አንብቡ። በጆሮ የለመዱ ስለሆኑ የተንጋደደውን ስንኝ ሳያዩት ይይዙታል። አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ እንድትደግሙ ካዘዙ እዚያ ጋ ነገር አለ፤ ወዲያው ምልክት አድርጉ። «ወርቁ የት አለ?» ቢሉ መልሱን ለመከራከር አትሞክሩ፤ ማስረዳት ካስፈለገው አልገባም ማለት ነው። ግጥሙ ለየኔታ፣ ዜማው ለመሪጌታው፣ ፈቃዱ ለደብሩ አለቃ፤ ይህን ቅደም ተከተል ያለፈ መዝሙር በበዓሉ ጠዋት «ማን ፈቀደላችሁ?» ሲባል መልስ አለው።

ዜማ ማውጣት

ዜማ ፍለጋ ክራር ወይም ኪቦርድ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ግጥሙን ቢያንስ ሃያ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የአማርኛ ቃል የራሱ መነሣትና መውደቅ አለው፤ ዜማው ከዚያ ሲወጣ ቃሉ ይሰማል። ሌላ ቦታ የተሠራ ዜማ ላይ ግጥም ማልበስ ግን ማጥበቅና ማላላትን ያበላሻል። «ይሰማል» ሲላላ ጌታ ጸሎትን ይሰማል ማለት ነው፤ ሰ እና መ ጠብቀው ሲዘመሩ ግን ድምፁ ይሰማል ማለት ይሆናል። ሊጠብቅ የሚገባው ፊደል ላይ ረጅም ዜማ አታንጠልጥሉ፣ ማጥበቁ ይጠፋል። ትንፋሽ የሚወሰደው ከ6ኛው ቀለም በኋላ ነው፤ «ዘርዐ» ብሎ ተንፍሶ «ብሩክ» የሚል መሪ የጻድቁን ስም ለሁለት ይከፍለዋል።

መነሻችሁ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ይሁን፤ ሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። መሪጌታው አንድ የዕለቱን ዚቅ በአራራይ እንዲያወርዱላችሁ ጠይቁ፣ በስልክ ቅዱት፣ ደጋግማችሁ ስሙት። እንደ ሆነ ለመገልበጥ አይደለም፤ አነሣሡና አወዳደቁ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ጆሮ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ለልመና አርኬ አራራይ ያለሰልሳል። ዕዝልን ለንግሥ መዝሙር ስትመርጡ ግን መሪጌታውን አማክሩ።

የዜማው ስፋት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ከአንድ ስምንዮሽ (ኦክታቭ) አይለፍ፤ ለአዝማቹ ከዚያም ይጥበብ። ሕዝቡ ከዚያ በላይ ሲወጣ ወንዶቹ ዝም ይላሉ፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ። መነሻ ድምፁን የምትመርጡት ከአዝማቹ ከፍተኛ ድምፅ ተነሥታችሁ ነው፦ ያን ድምፅ አንዲት እናትና አንድ ሽማግሌ ሳይጨነቁ ካወጡት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ መጀመሪያውን አግኙ። መሪው በስሜት ከፍ አድርጎ እንዳያወጣው በዋሽንት ወይም በክራር አንዴ ድምፅ ስጡት። ለጥር 13 እንዳልነው ከዚህም አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሰርግ ቤትም በመዝሙርም የሚገኙ ቅኝቶች ስለሆኑ፣ የሰርግ ዜማ ሳታውቁት ሾልኮ ይገባል። ፈተናው ይኸው፦ ቃሉን አውጥታችሁ በ«ላላላ» ብቻ ከመዘምራን ውጪ ለሆኑ ሦስት ሰዎች አሰሟቸው። ሁለቱ «ይህ እኮ የእገሌ ዘፈን ነው» ካሉ ወይም ትከሻቸው ከተነቃነቀ ዜማውን ተዉት። አንድ ቦታ ማስተካከል አያድነውም፤ ሰው የሚያስታውሰው አጀማመሩንና አወራረዱን ነው።

ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ አካሄድ

አካሄዱን ከማኅሌቱ ተማሩ። በማኅሌት ቁም ዜማ ይቀድማል፣ ዝማሜው በመቋሚያ ይከተላል፣ ከዚያ በከበሮ የሚሄዱት ንዑስ መረግድና ዐቢይ መረግድ፣ መጨረሻ ላይ ጭብጨባው፣ ጽፋት፣ ይመጣል፤ ከጸጥታ ወደ ጭብጨባ ነው። መዝሙራችሁም እንዲሁ ይሁን፦ አዝማቹ አንዴ ያለ ከበሮ በመሪው ብቻ፣ አንዴ በሁሉም ያለ ከበሮ፣ ከዚያ ከበሮው በዝግታ፣ ጭብጨባው ለመጨረሻዎቹ ሁለት አርኬዎች። ከመጀመሪያው ቃል ጋር ከበሮ የሚያገሳ ከሆነ ሕዝቡ ግጥሙን አይሰማም፤ አዝማቹንም አይዝም።

የጉዞ ፍጥነት የሚለካው በእግር ነው። ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ እየሄዳችሁ ተለማመዱ፤ ግማሽ ስንኝ በሁለት እርምጃ ከወጣ ደኅና ነው። ቆማችሁ የተለማመዳችሁት መዝሙር መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ ከበሮ መቺው ስለሚሞቀው ነው። ቀስ የሚል ሰው ለከበሮው ምረጡ፤ ጎበዝ ከሚባለው ይልቅ።

ከበሮው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጥር ሌሊት ጤዛና ብርድ ቆዳውን ያላላዋል፣ ድምፁ ይሞታል። ከታቦቱ መውጣት በፊት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ፤ እሳት አጠገብ ማስጠጋት ግን ቆዳውን ያደርቅና ይሰነጥቀዋል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይነኩ ለዚያ ወቅት የሚደረስ መዝሙር ያለ ከበሮ በራሱ እንዲቆም ተደርጎ ይታሰብ፤ በገና የሚደረድር ካለ ለዚያ ነው ጊዜው።

ካህናቱ ወረብ (በከበሮና በጸናጽል የሚቀርበው ዜማ) ላይ እያሉ መዝሙር አይጀመርም። ከሞንታርቦ አጠገብ የቆመ መሪ ይህን ይረሳል፤ ከማኅሌቱ በኩል ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው መድቡ። ማይኩን ለመሪው ብቻ ስጡ፤ ለተቀባዮቹም ሲከፈት የሕዝቡ ድምፅ ይዋጣል፣ ሕዝቡም ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ማስጠናትና መዝገብ

በጆሮ አስጠኑ፤ ወረቀቱን በሁለተኛው እሑድ ስጡ። አንድ ስንኝ መሪው፣ ያንኑ ተቀባዩ፤ አንድ አርኬ ሳይያዝ ወደ ሁለተኛው አይታለፍ። የመጨረሻው ልምምድ ላይ አዝማቹን ለማያውቁ ልጆች አሰሙና ስንተኛው ላይ እንደተቀበሉት ተመልከቱ። አራተኛው ላይም ከከበዳቸው አሁንም ጊዜ አለ፣ አንድ ቃል ቀንሱ።

የጸደቀውን ግጥም በመዝገብ ጻፉ፦ የበዓሉ ስም፣ የተደረሰበት ዓመት፣ የግጥሙና የዜማው ባለቤት፣ ያየው መምህር፣ መነሻ ድምፁ፣ ከበሮው የሚገባበት ስንኝ። ዜማውን በስልክ ቅዱና ከአንድ ሰው ስልክ ውጪም አስቀምጡ፤ መሪው ለትምህርት ወይም ለሥራ ከተማ ሲቀይር ዜማው አብሮት ይሄዳልና።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው እሑድ ሕዝቡ የለወጠውን ቃል ጠይቁ። ሁልጊዜ የሚለወጥ አንድ ቃል አይጠፋም፤ «እንዳንቀር በጥማት» የሚለውን «እንዳንሞት በጥማት» ብለው ሊዘምሩት ይችላሉ። ቀለሙ ያው 6 ነው፣ ምስጢሩም አልፈረሰም፤ የእነሱን ተቀበሉና መዝገቡ ላይ አስተካክሉ። ለጻድቁ የተባለውን ለጌታ ወይም የጌታን ለጻድቁ ያደረገ ለውጥ ከሆነ ግን ቀጣዩ ንግሥ ከመድረሱ በፊት በልምምድ ላይ ይታረም፤ አንዴ ሕፃናት ከያዙት መመለሱ ይከብዳል።